እርስዎ፣ ጃለኔ

ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ለክትትል የመጡት አቶ ጉተማ ገና እግራቸው ከክፍሉ ከመግባቱ፣ የአምስት ዓመቷ ጃለኔ ከፊተኛው ወንበር ብድግ ብላ ጣቷን ቀሰረችባቸው።

«አንተ! የጫማህ ክር ተፈቷል፤ እንዳትወድቅ!»

ልጆቹ አውካኩ። አቶ ጉተማ ጎንበስ ብለው ክራቸውን አሰሩና ምንም እንዳልሰማ ሰው ቀና አሉ። አብረዋቸው የገቡት የመዋዕለ ሕፃናቱ ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ዶርቃስ ግን የሚገቡበት ጠፋቸው። እንግዳውን ሸኝተው እንደተመለሱ የክፍሉን መምህርት ጣቢታን ቢሮ ጠሯት።

«ያቺ ልጅ አሳዳጊ የበደላት ናት። ሽበት ያወጣ ሰው አንተ ይባላል? ለእናቷ ደብዳቤ ጻፊ፤ ካልታረመች አንቀበላትም።»

ጣቢታ እዚሁ አምቦ ተወልዳ ያደገች፣ ስድስት ዓመት ሕፃናት ያስተማረች ሴት ናት። ልጅ ሲባልግና ልጅ ሲሳሳት ለይታ ታውቃለች።

«ደብዳቤው ለሳምንት ይቆየኝ፤ እስቲ ልጅቷን ልያት» አለች።

ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ቆማ ልጆች ስትቀበል፣ ጃለኔ ከባጃጅ ወርዳ ከእናቷ እጅ ተላቀቀችና ወደ ሽማግሌው ጥበቃ ወደ ኦቦ ተሬፋ ሮጠች። ፊታቸው ስትደርስ ቀጥ አለች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ሁለት እጇን ዘረጋችላቸው።

«አከም ቡልተኒ፣ አካኮ?»

«እንዴት አደሩ፣ አያቴ» ማለቷ ነው በአፋን ኦሮሞ። አደርክ አላለችም፤ አደሩ ነው ያለችው።

ጣቢታ የልጅቷን እናት ጠጋ አለቻት። አያንቱ ጎጆ ከምትባለው የትውልድ ከተማዋ ድንች እያስመጣች ገበያ የምትሸጥ ወጣት ናት።

«አማርኛውን ማን አስተማራት?»

«ከጎጆ ከመጣን ገና አራት ወራችን። ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ለመደችው እንጂ እኔማ ራሴ እንተባተባለሁ። ምነው ቲቸር፣ አጠፋች እንዴ?»

«ኧረ የለም! ልጅሽ…» ብላ ጀመረችና ቆም አለች። «ልጅዎ ጨዋ ናት።»

ነገሩ ያኔ ወለል ብሎ ታያት። ጃለኔን በአማርኛ ያናገራት ሁሉ አንቺ ነው ያላት። የሰፈሩ ልጅ «አንቺ ነይ» ይላታል፣ ባለሱቁ «አንቺ ምን ፈለግሽ»፣ ጣቢታ ራሷም «አንቺ ተቀመጪ»። ያልሰጧትን ከየት ታምጣው?

ሰኞ ክፍል ገብታ አጨበጨበች። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል ውስጥ አንተም አንቺም የለም። ሁላችንም እርስዎ ነን። ወይዘሪት ጃለኔ፣ እባክዎ እርሳስዎን ያውጡ። አቶ ቦንሳ፣ አፍንጫዎን ይጥረጉ እንጂ!»

ልጆቹ ተያዩ፤ ከዚያ ተንከተከቱ። በሦስተኛው ቀን ግን ግቢው ውስጥ «እባክዎ ኳሱን ያቀብሉኝ»፣ «ረገጡኝ እኮ፣ አቶ ቦንሳ!» የሚል ጩኸት ይሰማ ጀመር። ወይዘሮ ዶርቃስ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ሕፃናቱን መላገጫ አደረግሻቸው!»

«ዓርብ ይምጡና ይስሙ፤ ካልሆነ ደብዳቤውን በገዛ እጄ እጽፋለሁ» አለች ጣቢታ፣ ድምጿ ሳይዋዥቅ።

ሐሙስ ጠዋት ግን አያንቱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መጣች።

«ቲቸር፣ ልጄን ምን አደረጋችኋት? ትናንት እራት ላይ ‹እርስዎ፣ ውሃ ይስጡኝ› አለችኝ። እንደ ባዳ! እኔ እኮ እናቷ ነኝ!»

ጣቢታ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ግማሹን ትምህርት እንደዘለለችው ገባት። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ነገ አስተካክለዋለሁ» አለቻት።

ዓርብ ልጆቹን ግቢ አውጥታ በክብ አቆመቻቸው። ወይዘሮ ዶርቃስም እጃቸውን አጣጥፈው ዳር ቆሙ።

«የወለደችን፣ አቅፋ የምታስተኛን ምን ትባላለች?»

«አንቺ!»

«አብሮን የሚጫወተውስ?»

«አንተ!»

«ኦቦ ተሬፋስ?»

«እርስዎ!» ጩኸቱ እስከ ነቀምቱ መንገድ የሚሰማ ነበር። ኦቦ ተሬፋ ባርኔጣቸውን አነሱላቸው።

ጃለኔ ድንገት ከክቡ ወጥታ ወደ ክፍል ሮጠች። ትንሿን ወንበሯን እየጎተተች መጥታ ወይዘሮ ዶርቃስ እግር ሥር አስቀመጠችና፣

«ይቀመጡ፤ ቆመው ደከመዎት» አለቻቸው።

ወይዘሮ ዶርቃስ ወንበሯን አዩ፤ ልጅቷን አዩ። ከዚያ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወይዘሪት ጃለኔ» አሉ። ደብዳቤ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ ተነሥቶ አያውቅም።

ልጆቹ ሲበተኑ ጃለኔ ጣቢታን ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት።

«አንቺ ልበልዎት?»

ጣቢታ ሆዷ ባባ፤ ፊቷን ግን ኮስተር አደረገች። «አይሆንም፤ እኔ መምህርትዎ ነኝ።»

«እሺ» አለች ጃለኔ ምንም ሳይከፋት። «ሰኞ ይመጣሉ አይደል?»