በረኪናና የጉድጓድ ውሃ

ዘውዱ ለሁለተኛ ጊዜ በረኪናውን ሳፋው ውስጥ ሲገለብጥ ልቡ ሙሉ ነበር። ቅድም ቢጫው ያልለቀቀው በረኪናውን ትንሽ ስላደረግኩበት ነው ብሎ፣ አሁን ሳይሰስት ቀዳ። የነጠላውን ሁለት ጫፎች፣ በረኪና ጥለቱን እንዳይበላው፣ ከሳፋው ውጭ አንጠልጥሎ መሀሉን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየው። ቅድም እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለው ቢጫ ነጠብጣብ ተያይዞ ቡናማ ሆኗል። ዝናብ የወረደበት የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል።

"ወይ ጉዴ" አለ ለራሱ።

ነጠላው የሱ ቢሆን ኖሮ አውጥቶ ይጥለውና ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን የሰምሀል ነው፣ የትልቋ ልጁ። ሰርጓ የፊታችን ቅዳሜ፣ መልሷ ደግሞ እሁድ ነው። ለመልሷ ትልበሰው ብለው ጥጡን የፈተሉት የሚስቱ የሮማነወርቅ እናት ናቸው። ዓይናቸው ሳይከዳቸው ጨርሰው፣ አሸምነው ላኩና አምና አረፉ። ሌላ የሚፈትል የለም። ሮማነወርቅ ጠዋት ወደ መጋዘን ሥራዋ ስትወጣ ያዘዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሻንጣ ውስጥ ከርሞ ስለሸተተ አውጥተህ ነፋስ ላይ ስቀለው። ስቀለው አለች እንጂ እጠበው አላለችም።

ዘውዱ ግን እንዲህ ነው። ትራኩን እየነዳ ከርሞ ቤቱ ሲገባ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ሰርግ ደርሷል፣ ሴቶቹ ላይ ታች ይላሉ፣ እሱን "አንተ አርፈህ ተቀመጥ" ይሉታል። ይኼ ነገር ከንክኖታል። ደግሞስ በረኪናን ለሱ ማን ያስተምረዋል? ከተማ ውስጥ፣ ሞርስ ሮድ አካባቢ አፓርታማ ተከራይተው በኖሩበት ዘመን ሁሉ የቤቱን ነጭ ልብስ በረኪና እያደረገ የሚያጥበው እሱ ነበር። ቤተክርስቲያን ሲሄዱ የሰው ዓይን ያርፍባቸው ነበር፣ እሱም ይህን ያውቅና ይኮራበት ነበር።

የዘነጋው አንድ ነገር ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሉዊስ ሴንተር ጫፍ ላይ በቅርቡ የገዙት ይኼ ቤት የከተማ ውሃ የለውም፣ የሚጠቀሙት ከጓሮው ጉድጓድ ነው። ቤቱን ሲገዙ የመረመረላቸው ኢንስፔክተር ውሃው ብረት እንደሚበዛበት ነግሯቸው ነበር። ዘውዱም ዘወር ብሎ "ለደም ጥሩ ነው እያለ ነው" ብሎ ለሚስቱ ተረጎመላት። ተርጓሚ ይሉሃል እንዲህ ነው።

ጨንቆት ኤርምያስ ጋ ኮል አደረገ። ኤርምያስ ያው እንደሱ የትራክ ሾፌር ነው፣ የማያውቀው ነገር የለም፣ ማለት ስለሁሉም ነገር ይናገራል። አቼቶ ጨምርበት፣ እድፍ የሚባል አይተርፍም አለው። ዘውዱ ሳያመነታ የአቼቶውን ጠርሙስ ከኩሽና አምጥቶ እዚያው በረኪናው ላይ ደፋው።

ወዲያው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ተነሳ። ዓይኑ አነባ፣ ጉሮሮው ተዘጋ፣ ሳሉ አላስቆም አላስቀምጥ አለው። እሱ ግን እድፉ ሊለቅ ነው ብሎ ጎንበስ እንዳለ ነበር፣ ትንሿ ልጁ ቤተልሔም ከትምህርት ቤት ስትገባ።

"ዳድ፣ ምንድን ነው ዘ ስሜል?"

"በረኪና ነው። አቼቶ ትንሽ ጠብ አድርጌበት።"

ቦርሳዋን ጥላ በክንዱ ጎተተችው። ዘውዱ ከባድ ሰው ነው፣ ልጅቷ ቀጭን ነች፣ ግን እየጎተተች ደጅ አወጣችው። የጋራዡን በር ከፈተች፣ ቤቱን ዞራ መስኮቶቹን ከውጭ እየገፋች ከፋፈተች፣ ከዚያ ሁለቱም ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ሳል በሳል ሆኑ። ክንዱን እንደገና ጭምድድ አድርጋ ያዘች። አባቷ ስትናደድ እንጂ ስትፈራ ብዙ አላያትም፤ ያን ጊዜ ነው እሱም የደነገጠው።

ቀልቧ ሲመለስ ነገረችው። የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያስጠነቀቀቻቸው፦ አቼቶም ሎሚም አሲድ ናቸው፣ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ዘውዱ አፉን በእጁ ያዘ። ስንት ዘመን አብሮት የኖረ በረኪና እንዲህ ያለ ጉድ መያዙን የነገረው አልነበረም። ከዚያ ስለ ነጠላው ነገራት።

"እማማ የፈተሉትን ነጠላ?" አለች ቤተልሔም። ቀጥላም በእንግሊዝኛ "ዩ አር ሶ ዴድ" አለችው። ነገሩን ለመረዳት አማርኛ አያስፈልገውም ነበር።

ሽታው እስኪጠፋ ደጅ ቆዩ። ዘውዱ ሣሩን እየነጨ አሰበ። ትራኩ ጉልበት ሲያጣ አንዱ መካኒክ በአንድ ቀን ሦስት ዕቃ ይቀይርና ትራኩ ይነሳል፣ የትኛው ዕቃ እንዳዳነው ግን መካኒኩ አያውቅም፣ በሳምንቱ እንደገና ሲቆም ተመልሶ ባዶ እጁን ነው። ዘውዱ እንዲህ ያለውን መካኒክ አምርሮ ይጠላል። ዛሬ ራሱ የሠራው ግን ይኼንኑ ነው። በረኪና፣ ሌላ በረኪና፣ አቼቶ። መጨመር ብቻ። ለምን ብሎ አልጠየቀም።

"በሥርዓቱ እንሂድበት" አለ ተነስቶ። "ምን እንዳበላሸው ሳላውቅ ነጠላውን ከእንግዲህ አልነካውም። አንድ በአንድ ነው የምሞክረው።"

"ዳድ፣ ዛት ኢዝ ሊትረሊ ዘ ሳይንቲፊክ ሜተድ።"

"የትራክ ሥራ ነው" አለ ዘውዱ።

የሳፋውን ውሃ ትንፋሻቸውን ይዘው በብዙ ውሃ አቅጥነው ደፉት። ነጠላውን፣ ጥለቱን ሳያስነኩ፣ ከሱቅ በተገዛ የታሸገ ውሃ የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ደጋግመው አለቀለቁት። ከዚያ ዘውዱ ነጭ ካናቴራውን አውልቆ በመቀስ ቀዳደደው። ቤተልሔም ብርጭቆዎች ደረደረች። አንዱ ውስጥ የጉድጓዱ ውሃ ብቻ፣ አንዱ ውስጥ የጉድጓዱ ውሃ ከበረኪና ጋር፣ አንዱ ውስጥ የታሸገው ውሃ ከበረኪና ጋር። በየብርጭቆው ቁራጭ ጨርቅ ገባ። አንድ ቁራጭ ደረቅ እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ዘውዱ ይኼኛው ምን ሊሠራ ነው ቢላት፣ ከምን ጋር ልታወዳድር ነው ብላ መልሳ ጠየቀችው።

"አሁን ገምት" አለችው። "ሳታይ ነው መገመት ያለብህ። አይተህ ከገመትክ አይቆጠርም።"

ዘውዱ በረኪናው ራሱ የተበላሸ መሆን አለበት አለ፣ ጠርሙሱን በቅናሽ ነበር የገዛው። እርግጠኛ ነበር። እንዲያውም ጠርሙሱን ወስዶ ሱቁ ላይ ሊጥለው ዝቶ ነበር።

ጨርቆቹ ሲወጡ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በታሸገው ውሃ በረኪናው ጨርቁን እንደ ወተት አንጥቶታል። የጉድጓዱ ውሃ ብቻውን ያን ያህል ክፉ አልነበረም። ሁለቱ የተገናኙበት ጨርቅ ግን ልክ እንደ ነጠላው ቡናማ ሆኗል። ዘውዱ ግምቱ ስለወደቀ ትንሽ ከፋው። ቤተልሔም ግን ደስ አላት፣ ግምት ሲወድቅ ነው አንድ ነገር የተማርከው ብላ አጽናናችው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያ ኢንስፔክተሩ ያለው ብረት ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ሳይታይ ይቀመጣል፣ በረኪናው ሲገባ ዝገት ያደርገዋል፣ ጨርቁ ደግሞ ዝገቱን ይዞ ያስቀራል። ዘውዱ እያጠበ ሳይሆን እያዛገ ነበር የዋለው።

ዝገትን የሚፈታው አሲድ ነው፣ በረኪናው ሙልጭ ብሎ ከወጣ በኋላ ብቻ። በታሸገ ውሃ ያለቀለቁትን ቡናማውን ቁራጭ ሞቅ ያለ የሎሚ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ጠበቁ። ቤተልሔም ቶሎ ቶሎ ልታወጣው ትፈልጋለች፣ ዘውዱ ተይው ይላታል። በመጨረሻ ሲያወጡት ነጥቷል። ዘውዱ ካናቴራ የሌለበትን ባዶ ደረቱን ይዞ ኩሽናው መሀል እስክስታ ቢጤ ሞካከረው።

"ቆይ" አለች ቤተልሔም። "ጥለቱስ? ዊ ዲድንት ቴስት ዘ ሬድ።"

ዝገቱ ውሃውን ተከትሎ ወደ ላይ ወጥቶ ጥለቱ ሥር ገብቷል። ዘውዱ ከጥለቱ ጠርዝ የተፈታ ቀይ ክር ፈልጎ ለሁለት ከፈለው፣ አንዱን በታሸገው ውሃ፣ አንዱን በሎሚው ውሃ ነከረው። በታሸገው ውሃ ክሩ ምንም አልሆነ። በሎሚው ውሃ ግን ዙሪያው ቀላ።

ደስታው ጠፋ። ሎሚው ነጩን ያድንና ጥለቱን ያደበዝዛል። ጥለቱን ላድን ካለ ደግሞ ከሥሩ የገባው ዝገት እዚያው ይቀራል። ቤተልሔም መሀሉን ብቻ እንንከርና ጥለቱ አጠገብ ያለውን አጣጥፈን እንሸፍነው፣ ማሚ ማታ በመብራት አታየውም አለችው። ዘውዱ በጣም ፈለገ። ሮማነወርቅ ልትመጣ ነው፣ ከመጣች ቀኑ ይጨልምበታል። ከመምጣቷ በፊት ከጨረሰ ግን ማን ያውቃል? ነጠላውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ አነሳ። በመጨረሻ ያለ ሎሚ የታሸገውን ውሃ ብቻ ሳፋው ላይ አፍስሶ፣ እንዳይደርቅ መሀሉን ነከረውና እጁን ጠረገ።

"እናቷ ናቸው የፈተሉት" አለ። "እሷ ትወስን።"

ሮማነወርቅ የሥራ ጃኬቷን ሳታወልቅ ገባች። ብርጭቆዎቹን አየች፣ የተቀደደውን ካናቴራ አየች፣ ከዚያ ሳፋውን አየች። ፊቷ ልውጥ አለ።

"ማን ንካው አለህ?"

"ማንም።"

ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ዘውዱ ብትሰድበው ይቀለው ነበር፣ እንባዋ ግን አንጀቱን በላው። ሳይደብቅ ሁሉንም ነገራት፣ ሁለቱን ጊዜ በረኪና፣ አቼቶውን፣ ጋዙን ሳይቀር። ቤተልሔም የነጣውን ቁራጭና ቡናማውን ቁራጭ አጠገብ ላጠገብ አደረገችላት። ዘውዱ በመጨረሻ የክሩን ብርጭቆ እጇ ላይ አስቀመጠ፣ ጥለቱን ካዳንን ዝገቱ ሥሩ ይቀራል፣ ዝገቱን ካወጣን ጥለቱ ይደበዝዛል አላት። ሮማነወርቅ ቀይ የሆነውን ውሃ ወደ መብራቱ ይዛ አገላብጣ አየችው።

"ጥለቱን ማን የፈተለው ይመስልሃል?" አለችው።

"እናትሽ ናቸዋ።"

"እማዬ የፈተለችው ነጩን ነው። ድሩንም ማጉንም፣ ነጩን። የጥለቱን ክር ሸማኔው ከሱቅ ነው የሚገዛው።"

ዘውዱ ይህን አያውቅም ነበር። ስንት ዓመት በትዳር ኖሮ፣ ስንት ነጠላ አጥቦ፣ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ሮማነወርቅ ጃኬቷን አውልቃ እጅጌዋን ሰበሰበች። የቀረውን የሎሚ ውሃ አሙቁልኝ አለች፣ አሞቁላት፣ ሌላ ሳፋ ላይ ገለበጠችው። ነጠላውን በሁለት እጇ አቅፋ ከነሙሉ ቁመቱ አወረደችው። ዘውዱ ሳያስበው ዘሎ ጥለቱን በሁለት እጁ ያዘና ከውሃው በላይ ከፍ አደረገው።

"ልቀቀው" አለችው።

"ሮማን፣ ቀይዋ ትሄዳለች።"

"ትሂድ።"

ዘውዱ ጥለቱን ለቀቀው።