የምክትል ፕሬዝዳንቱ ፊት በጀሶ

3.

የአሳማ ስብ፣ ጀሶው ፀጉሩን ይዞ እንዳይነቅል። መጀመሪያ ቅንድቡ ላይ፣ ቀጥሎ የትንባሆ ጭማቂ ቢጫ ያደረገው ጢሙ ላይ። የምትቀባው ሉሲንዳ ናት። ጣቶቿ የሚነኩትን ፊት ዓይኗ እንዳያየው ወደ መስኮቱ ዞራለች።

1.

ከዚህ መጀመር ነበረብኝ። ዋሽንግተን፣ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ። ኦባዲያ ክሬን የአሜሪካ ምክትል ፕሬዝዳንት ነው። ምስሉ በእብነ በረድ ሊሠራ ስለሆነ፣ ቀራፂው በርቶሊ የፊቱን ቅርጽ በጀሶ ሊወስድ መጥቷል። ሉሲንዳ የክሬን ባሪያ ናት። ልጁም ናት። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

(«ናቸው» ማለት ነበረብኝ፤ ትልቅ ሹም ናቸውና። ብዕሬ እምቢ አለ።)

2.

ሥራውና ሕይወቱ፦

ጠበቃ ሆኖ ለከሳሹም ለተከሳሹም መከረ። ጦር ሜዳ ሄዶ ከፈረስ ወደቀና ጀግና ተባለ። ሰሜኖቹ ዘንድ ባርነትን ያወግዛል፤ ደቡቦቹ ዘንድ ባሪያ ይገዛል። በሁለት ቢላ እየበላ ወፈረ። ፓርቲው «ማንንም አያስቀይምም» ብሎ ለምክትልነት አጨው።

አሁን ሥራው የሴኔቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትንባሆ እያኘከ መትፋት ነው። የናሱ መትፊያ አጠገቡ ነው፤ ምራቁ ምንጣፉ ላይ ነው።

ድምፅ የሚሰጠው ሴኔቱ እኩል ለእኩል ሲከፈል ብቻ ነው።

4.

ነገ እኩል ለእኩል ይከፈላል።

5.

የነገው ሕግ፦ ከባርነት ያመለጠ ሰው ነፃ ግዛት ቢደርስም ተይዞ ለጌታው ይመለስ።

የሉሲንዳ እናት ዳይና አምልጣ ባርነት ወደሌለባት ፊላደልፊያ ገብታለች። ጌታዋ ክሬን ነበር።

6.

«ክቡርነትዎ፣ እነዚህን የላባ አገዳዎች አፍንጫዎ ውስጥ እከታለሁ፤ በእነሱ ይተነፍሳሉ» አለ በርቶሊ። «ጀሶው እስኪደርቅ መናገር የለም። ከታፈኑ እጅዎን ያንሱ።»

«መናገር የለም? ሚስቴ ይህን ብታውቅ በየማታው ታስለስነኝ ነበር!» ክሬን በራሱ ቀልድ ሆዱ እስኪነቀነቅ ሳቀ። «አንቺ፣ አገዳዎቹን ደህና አድርገሽ ያዢ።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

ጀሶው ፊቱን ዋጠው። በርቶሊ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ።

7.

ሉሲንዳ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

8.

«ትሰማኛለህ?»

አንተ አለችው። ምንም አልሆነችም።

«ጆሮህን አልሸፈንነውም፤ ትሰማለህ። እግርህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። መትፊያህን የምደፋው እኔ ነኝ። ይህ አገጭህ እኔም ላይ አለ፤ መስታወት ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። አንድ ቀን ለምኜህ አላውቅም። አሁን ልለምንህ። እናቴን አታስይዛት፤ ሕጉን ጣለው። እጥለዋለሁ ካልክ እጅህን አንሳ… አባቴ።»

አባቴ።

ስቡ ጣቷ ላይ እንደቀረ፣ ቃሉ ምላሷ ላይ ቀረ።

9.

እጁ ተነሳ።

10.

«ታፈኑ!» በርቶሊ ከበሩ እየሮጠ መጥቶ ጀሶውን አላቀቀ። ክሬን ሳለ። ተፋ። ምንጣፉ ላይ።

ሉሲንዳ ጣቶቿን አየች። አንደኛው አገዳ ታጥፏል። መቼ እንዳጠፈችው አታውቅም።

«ጌታዬ፣ እጅዎን ያነሱት…»

«ምንጣፉን ጥረጊ» አላት።

11.

በማግስቱ፣ ሃያ ስድስት ለሃያ ስድስት።

ሉሲንዳ ካፖርቱን ታቅፋ የአዳራሹ በር ላይ ቆማለች። ክሬን ትንባሆውን ተፋና ተነሳ። አዳራሹን ጸጥ ለማሰኘት እጁን አነሳ።

ያንኑ እጅ።

«ድምፄ» አለ፣

12.

(ብዕሬ እዚህም እምቢ አለ።)