ሦስተኛው ቁልፍ

ልብስ ሰፊው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከሆስፒታል ሲወጡ፣ ሐኪሙ ለታላቋ ልጃቸው አንድ ነገር ነግሯት ነበር። «ቀኝ እጃቸው ገና ተስፋ አለው። ከተመለሰ ግን የሚመለሰው በነዚህ ወራት ነው። ቤት የምትረዳቸውን ሰው ስትመርጪ አስቢበት።» እሷም አሰበችበት፤ በራሷ መንገድ።

ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ከስፌት መኪና ላይ ሳይነሱ ልጆች ያሳደጉ ናቸው። «ከእንግዲህ አባቴ ጣቱን አያነሳም!» ብላ ማለች። ቤት ለቤት አስታማሚ ወደሚልከው ድርጅት ስትደውል መርፌ ትወጋለች ወይ፣ ግፊት ትለካለች ወይ፣ ንጹሕ ናት ወይ፣ ያልጠየቀችው የለም። አባቷን ብቻ አልጠየቀችም። ምላሳቸውም እንደ እጃቸው ተሳስሮ አንዲት ቃል ለማውጣት ላብ በላብ ይሆናሉ፤ ማን ትዕግሥት አለው?

መጀመሪያ የመጣችው ዝምተኛ ሴት ነበረች፤ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ዝግ ያለ ስለሆነ የቤቱ ሰው «ቀስ በቀስ» የሚል ስም አወጣላት። አንድ ጠዋት ልጅቱ የሱቋን ቁልፍ ረስታ ብትመለስ አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ከሸሚዛቸው ጋር ግብ ግብ ገጥመዋል። ላባቸው ይንቆረቆራል። አስታማሚዋ ፊት ለፊታቸው እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«አንቺ ሴትዮ! ደመወዝ የምትበዪው ቁጭ ብለሽ ለማየት ነው?»

«ራሳቸው እየቆለፉ ነው» አለች ቀስ በቀስ። «ትንሽ ጊዜ ስጫቸው።»

«አባቴ ሠርቶ ጨርሷል! አሁን የሚሠራለት ነው የሚፈልገው!»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። «ተ… ተያት» አሉ እንደምንም። ልጅቱ መች ሰማች! አባቴ ድሮም ለሁሉ ያዝናል ብላ አለፈችው። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ሴትዮዋን በዚያው ዕለት አሰናበተቻት። ምነው ያን ቀን ከመንገድ ባልተመለሰች!

ሁለተኛዋ ግን፣ እሷ እቴ፣ ቅልጥፍናዋ ሌላ ነው። ጎረቤት ዓይኑን ሳይጠርግ ሽማግሌው ታጥበው፣ ለብሰው፣ በልተው፣ ተበጥረው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ጠያቂው ሁሉ «ልጅ መውለድ እንዲህ ነው!» ይላል። ልጅቱም ደስታዋን አልቻለችውም። አባቷ ውለው ባደሩ ቁጥር ዓይናቸው እየፈዘዘ ሄደ፤ እሱንም እርጅና ነው አለችው።

ከወራት በኋላ ለምርመራ የመለሰቻቸው ቀን ሐኪሙ ጣቱን መዳፋቸው ውስጥ አኖረና «እስቲ ይጨብጡኝ አባባ» አላቸው። ቢጠብቅ ቢጠብቅ ጣቶቻቸው አልተጠፉም። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረ።

«ቤት ውስጥ በራሳቸው ምን ምን ይሠራሉ?»

«ምንም!» አለች ደረቷን ነፍታ። «አባቴ ምንም አይሠራም። ሁሉን የምናደርግለት እኛ ነን።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እጅ ሥራ ሲያጣ ሥራውን እንደሚረሳ፣ ያለፉት ወራትም እንደማይመለሱ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳት። ልጅቱ የአባቷን ጃኬት ይዛ ቆማ ሰማችው።

ቤት እንደገባች ለቀስ በቀስ ደወለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሴትዮዋ ሌላ በሽተኛ ይዛለች፤ ቂም ግን አልያዘችም።

«አባባ እንዴት ናቸው?» አለች። «ያን ቀን እኮ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ደርሰው ነበር። እንዳልነግርሽ ለምነውኛል። ‹ስጨርስ… ለልጄ… አሳያታለሁ› ይሉኝ ነበር።»

ልጅቱ ስልኩን እንዴት እንደዘጋችው አታውቅም።

በማግስቱ ቀልጣፋዋን «ዛሬ እረፊ» ብላ ሸሚዙን ራሷ አለበሰቻቸው። ቁልፎቹን ግን ተወቻቸው። ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ እጇን አጣጠፈች።

«አባዬ፣ ዛሬ አንተ ቆልፈው። ሱቅ አልሄድም፤ አልቸኩልም።»

ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን አዩት። ጉልበታቸው ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ልጅቱ ጠበቀች፣ ጠበቀች። በመጨረሻ አባቷ አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉላት፤ ቀልጣፋዋ እንዳስለመደቻቸው፣ የአንገቱ ቁልፍ እንዲመቻት።

ተነሥታ ከላይ ጀምራ ትቆልፍላቸው ጀመር። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ የገዛ እጇ እንቢ አላት።