ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት

በመሥሪያ ቤቱ «ግትሯ» ነበር የሚሏት። ፊት ለፊቷ ደፍሮ የሚላት ባይኖርም ታውቃለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። ሥራዋ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ርቀቱን፣ ነፋሱንና ክብደቱን አይታ፣ ጉዞው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ስንት ነዳጅ እንደሚያስፈልግ አስልታ መፈረም ነው። የእሷ ፊርማ ከሌለ ሞተር አይነሳም።

አንድ ቀን ጠዋት አዲሱ ኃላፊ ወረቀቱን እያርገበገበ ከተፍ አለ።

«ጉዞው ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት? በየመንገዱ የለጠፍነው ማስታወቂያ እኮ ሁለት ከአሥር ነው የሚለው!»

«ማስታወቂያው ነፋስ አያውቅም፤» አለችው ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ዛሬ ከፊት ነው የሚነፍሰው፤ ያውም ጉልበተኛ።»

«ከከተማ ከተማ ርቀቱ አንድ ሺህ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው። ትናንትም ያው፣ ዛሬም ያው። መሬቱ ተለጠጠ እንዳትይኝ ብቻ!»

«መሬቱማ የት ይሄዳል? አየሩ ነው ወደ ኋላ የሚገፋን።»

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለአንድ ትልቅ ደንበኛ ዛሬውኑ አደርሳለሁ ብሎ ቃል የገባበት የማሽን መለዋወጫ ሣጥን አለ። እሷ ባሰላችው ነዳጅ ላይ ሣጥኑ ከተጫነ ክብደቱ ከልክ ያልፋል።

«እህቴ፣ አራት መቶ ኪሎ ነዳጅ ብቻ ቀንሺልኝ። ማን ያየናል?»

ያኔ ደሟ ፈላ። ብድግ ብላ እስክሪብቶዋን ዘረጋችለት። «ይኸው። ይቀንሱና እርስዎ ይፈርሙ። ከዚያ እርስዎም አብረው ይሳፈሩ።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አልነካም።

በዚህ መሃል የዚያ በረራ አብራሪ፣ ሽበታም ሰው፣ ብቅ አለ። «ልጄ፣ ደረሰልን?»

«ደርሷል ካፒቴን። ሁለት ከአርባ አምስት፤ ሣጥኑ ይቀራል።»

አብራሪው አንዴ እሷን፣ አንዴ ኃላፊውን አየ። «ይቅራ!» ብሎ ፈርሞ ወጣ።

አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። ያረፈው በተነሳ በሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ደቂቃው ነው። ኃላፊው ፈገግ ብሎ መጣ።

«አየሽ? ሰባት ደቂቃ ተሳስተሻል!»

«ሰባት ደቂቃ ተርፎኛል። በእርስዎ ቢሆን ሃያ ስምንት ይጎድለን ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ከኃላፊው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ግርጌው ላይ «ደርሶኛል፤ አላምንበትም» ብላ ጽፋ መለሰችው።

እናቷ በስልክ ስትሰማ ጮኸችባት። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ እሺ ብትይ ምን አለበት? ከሥራ ሊያባርሩሽ ነው እኮ!»

«እማዬ፣ ስልሳ ሰው ነበር የተሳፈረው።»

እናቷ ቁጣዋን ተወችው። «እንዲያ ከሆነማ ደግ አደረግሽ።»

በማግስቱም ነፋሱ አልበረደም። ሁለት ሰዓት ከአርባ ብላ ጽፋ ፈረመችና ወረቀቱን ራሷ ወስዳ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። አነበበው።

«ሣጥኑ ዛሬም ሊቀር ነው? ነገስ?»

«የነገውን ነገ አሰላለሁ፤» ብላው በሩን ሳትዘጋ ወጣች።