ሣጥኗ ስትነሣ

ክሬኑ አጓራ፤ ሰንሰለቶቹ ተወጠሩ፤ ሣጥኗ ግን ንቅንቅ አላለችም። በአንደኛው ማዕዘን በኩል ብቻ ብረቱ ሲጥ አለ። ያን ድምፅ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ለይታ የሰማችው በረዶ ብቻ ነበረች። ሁለት እጇን ዘርግታ ክሬን ነጂው ፊት ተገተረች።

"ልቀቅ፣ ሰንሰለቱን ልቀቅ። ወገቧን ልትሰብራት ነው።"

ክሬን ነጂው በመስኮቱ ብቅ አለ። "እኔ ምን ላድርግ እህቴ? ኮንቴይነር አንሣ ተባልኩ እንጂ ተራራ ንቀል አልተባልኩ።"

በረዶ የሆስፒታሉ ቴክኒሻን ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ሰው ሁሉ በላብ ሲጠመቅ እሷ ሹራብ ለብሳ ከዚያች ቀዝቃዛ ክፍል ስትወጣ ያዩ ሠራተኞች በረዶ አሏት፤ በዚያው ጸና። ክፍሏ ይህችው ሣጥን ናት። የበሽተኞችን መዝገብ የሚይዙት የሆስፒታሉ ሰርቨሮች የሚኖሩባት፣ ማቀዝቀዣዋ፣ ባትሪዋ፣ እሳት ማጥፊያዋ ሁሉ በሆዷ ተሟልቶ ከፋብሪካ በመኪና ተጭና የመጣች የብረት ቤት። ያኔ ሆስፒታሉ ለካርድ ክፍሉ እንኳ የረባ ጣራ አልነበረውም። ጓሮ አስቀመጧት፣ መብራትና ኔትወርክ ቀጠሉላት፣ ወዲያው ሥራ ጀመረች። በሽተኛው ሲበዛ ደግሞ ሁለተኛ ሣጥን መጥታ ከጎኗ ተገጠመች፤ ግድግዳ አልፈረሰ፣ ሥራ አልቆመ። በጎርፉ ዓመት ካርድ ክፍል ውስጥ ወረቀት ሲንሳፈፍ እሷ ግን ጠብታ አልገባባትም። ሰርቨሮቹ አርጅተው ተቀይረዋል፤ ባትሪዎቹም፣ ማቀዝቀዣውም እንዲሁ። እሷ ግን ያችው ናት።

አሁን አዲሱ ፎቅ ከነሰርቨር ክፍሉ ስላለቀ ሥራው ሁሉ ወደዚያ ተዛውሯል። ለሣጥኖቹ የቀረው ወይ ለብረት ነጋዴ መሸጥ፣ ወይ የበሽተኛ ካርድ በየጊዜው ለሚጠፋባት የገጠር ክሊኒክ መስጠት ነበር። "ሌላ አሥር ዓመት ትሠራለች፤ ስለ እሷ ዋስ እኔ ነኝ" ብላ ስብሰባ መካከል የተነሣችው በረዶ ናት። ሥራ አስኪያጁ ቃሏን አክብሮ ተስማማ፤ ግን አንድ ነገር አከለ። ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይፈለጋል፣ ክሬኑም ከሰዓት ሌላ ሥራ አለበት። ክሬኑ ከመሄዱ በፊት ካልተነሣች ነጋዴው እዚያው ቆራርጦ ይወስዳታል።

ሁለተኛዋ ሣጥን ጠዋት እንደ መሳቢያ ሸርተት ብላ ወጥታ መኪና ላይ ተጭናለች። ድሮም የተቀመጠችው ብሎኬት ላይ ብቻ ነበር። ይህችኛዋን ግን የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ "እንግዳ ትመስላለች፤ የቤት ልጅ አድርጉልኝ" ብለው ዙሪያዋን በረንዳ አሠሩላት። ለመነሣት የተሠራችን ዕቃ በመውደድ ብዛት አራት እግሯን ኮንክሪት ውስጥ ቀበሯት። የቀበራት ግንበኛ ደግሞ ዛሬ የበረዶ ባል ነው። የተዋወቁትም በዚያው ሥራ ላይ ነው።

ስልኳን አወጣች።

"የት ነህ?"

"ሥራ ላይ ነኛ። ምነው?"

"የቀበርካትን ናና አውጣ።"

"ማንን ነው የቀበርኩት? አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እንዳይሰማሽ።"

ግንበኛው ድጅኖና ትልቁን መዶሻ ተሸክሞ ሲደርስ የብረት ነጋዴው ጥላ ሥር የመቁረጫ ጋዙን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራው ነው።

"እሜቴ፣ ለምን ትደክማላችሁ?" አለ። "እኔ ዘንድ በሰላም ታርፋለች።"

"አንተ ዘንድማ ነገ የጥፍር መቁረጫ ሆና ነው የምናገኛት" አለች በረዶ።

ግንበኛው መዶሻውን አነሣና አሳረፈ። ከኮንክሪቱ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ብቻ ዘለለች። ደገመ፤ ያው ነው። ላቡን ጠርጎ ፈገግ አለ።

"አየሽልኝ? ሲሚንቶ እንዲህ ነው የሚቦካው።"

"አሁን የምትኮራበት ሰዓት ነው?"

"አንቺ በቆርቆሮሽ ስትኮሪ ማን ከለከለሽ?"

ይህ በቤታቸው የቆየ ክርክር ነው። እሱ ቤት ማለት መሠረቱን መሬት ውስጥ የሰደደ ነው ይላል፤ እሷ ደግሞ ያንተ ቤት ጎረቤት ሲከፋበት መሄጃ የለውም ትለዋለች። በሌላ ቀን ቢሆን ይስቁበት ነበር። ዛሬ ግን ክሬን ነጂው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ የበረዶም ዓይን ከሰዓቱ ወደ ጋዙ፣ ከጋዙ ወደ ሣጥኗ ይመላለሳል።

"ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያለ አንተ የሚፈታት የለም። እኔ በሰው ፊት ዋስ ሆኛለሁ።"

ግንበኛው መዶሻውን አስቀመጠ። በረንዳውን አንድ ጊዜ ዞረው፤ እንደ ሐኪም በጣቱ እያንኳኳ፣ እየቆመ፣ እያሰበ። ከዚያ ተንበርክኮ ከእግሮቿ በአንዱ አጠገብ ያለውን አቧራ በመዳፉ ጠረገና አጠገቡ ጎንበስ ላለችው ለበረዶ በጆሮዋ አንሾካሾከላት።

"ሥራውን ዝናብ አቋርጦን ነበር። የዚህ ወገን የበፊቱ ነው፤ ያኛው ከዝናቡ በኋላ የተሞላ። ሁለቱ የተጋጠሙት እዚህ ጋ ነው። ተጋጠሙ እንጂ አልተዋሃዱም።"

"ታዲያ እስካሁን መሐሉን የምትወቅጠው ለምንድን ነው?"

"የኔ ኮንክሪት ስንጥቅ አለው ልበል? በነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት?"

በረዶ ሳቋን በእጇ አፈነች። "አልናገርብህም። ምታ።"

ድጅኖውን ከመስመሯ ላይ ተከለና መዶሻውን ለቀቀበት። አንዴ፣ ሁለቴ፤ ከዚያ ኮንክሪቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ለሁለት ተገመሰ። ነጋዴው ሳይቀር ከመቀመጫው ተነሣ። ሌሎቹ እግሮችም ከተከፈተው ጠርዝ እየተፈነቀሉ ተራ በተራ ተፈቱ። ክሬን ነጂው ማንም ሳያዝዘው ሞተሩን አስነሣ።

"ቀስ" አለች በረዶ። "እንቁላል እንደምታነሣ።"

ሰንሰለቱ ተወጠረ። ሣጥኗ ትንሽ ተንገዳገደች፤ ከዚያ ከመሬት ለቀቀች። ከሥሯ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ጥቁር አፈር ታየ። ሣጥኗ መኪናው ላይ ስታርፍም በረዶ ገና አላመነችም። መነሣቷ ብቻውን ምንም አይደለም። ጠዋት ሲጥ ያለው ማዕዘን ተጣሞ እንደሆነ እውነቱን የሚናገረው በሩ ነው። አጥንቷ ትንሽ ከተዛነፈ ያ ከባድ በር አይገጥምም፤ በሩ ካልገጠመ ደግሞ ቅዝቃዜው ያፈተልካል፣ አቧራ ይገባል፣ የበረዶ ዋስትናም ከንቱ ይሆናል።

መኪናው ላይ ወጥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ በአንድ ጣቷ ገፋችው። በሩ በራሱ ክብደት ሄደ፣ ከጠርዙ ማሸጊያ ጎማ ጋር ተሳመ፣ እፍ ብሎ ተዘጋ።

"እስቲ እኔም ልሞክራት" አለ ነጋዴው ከሥር። ወጥቶ ከፈተ፣ ዘጋ። ደግሞ ከፈተ፣ ዘጋ። "የኔ ቤት በር ዓምና የተገጠመ ነው፤ በትከሻ ካልገፉት አይዘጋም" አለና ወርዶ ጋዙን ወደ ጋሪው ያንከባልል ጀመር። "ጥሩ ነው እሜቴ፤ ስትሞት ጥሩኝ።"

"ያኔ አንተ እኖራለሁ ብለህ ነው?"

ነጋዴው ራሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ሥራ አስኪያጁ ከአዲሱ ፎቅ ወርዶ መጣ። ሣጥኗን ከላይ እስከ ታች አያት። በፀሐይ በኩል ያለው ጎኗ ሰማያዊነቱ ጠፍቶ ነጣ ብሏል። አምቡላንስ ገጭቶ የተጣፈው ጎኗ እንደ ጠባሳ ይታያል።

"ደስ ብሎኛል፤ ቃልሽን ጠበቅሽ" አላት። "ግን ቀለም ቀቢ ብጠራ ይሻላል መሰለኝ። የክሊኒኩ ሰዎች የተጣለ ዕቃ ላኩብን እንዳይሉ። መኪናው ነገ ቢሄድም ግድ የለም።"

በረዶ የሣጥኗን ጎን በመዳፏ ዳበሰችው። ብረቱ በፀሐይ ሞቋል፤ ከነጣው ቀለም በታች አንድም ዝገት የበላው ቦታ የለም። አዲስ ቀለም ተቀብታ ታየቻት፤ ትናንት እንደተሠራ ዕቃ ስታብለጨልጭ። ዓመቶቿ ሁሉ ተሸፍነው።

"ይቅር" አለች። "እስከ ዛሬ ስንት ዓመት እንደቆመች ካላዩ፣ ወደፊት እንደምትቆም በምን ያምኑናል? አቧራዋ ብቻ ይታጠብ፤ ዛሬውኑ ትሂድ።"

ሥራ አስኪያጁ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ግንበኛው ውሃ ሊከፍት ወደ ቧንቧው ሄደ። በረዶ እጅጌዋን ሰብስባ የውሃውን ጎማ ያዘችና፣ ከሣጥኗ የተጣፈ ጎን ጀመረች።