ገመዱን ነክቶ መመለስ

እኔ ድንቅነሽ ሩጫ የጀመርኩት በአርባ ዓመቴ፣ በቀበሌ ትእዛዝ ነው። ብትስቁ አልቀየምም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ጊዜው ሰባ አራት ዓመተ ምህረት ነው። ባሌ ጨመዳ ነቀምቴ ወህኒ ቤት ስምንተኛ ወሩን ይዟል። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበር፤ ቤቱ ሲታሸግ "ሃይማኖቴን በፈቃዴ ትቻለሁ" የሚል ወረቀት አቀረቡለት። ሌሎቹ ፈርመው ወጡ። የኔው ደረቅ "ስሜን አልሸጥም" ብሎ ቀረ። ስንቅ ባደረስኩ ቁጥር ከስቶ ነው የማገኘው፤ በኋላማ ደም ማሳል ጀመረ።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገቢሳ አስጠራኝ። የምሠራው ሚሲዮኑ ክሊኒክ ነው፣ ልብስ አጣቢ ነኝ። እዚያ ሲስተር ኤልፍሪዴ የምትባል ጀርመናዊት ነርስ አለች፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለፋት፣ ሸንበቆ የመሰለች ሴት።

"ይቺ ፈረንጅ በየጠዋቱ ትሮጣለች" አለኝ። "ወዴት ነው? ማንን ነው የምታገኘው? ተከትለሽ ንገሪኝ፤ እኔም የባልሽን ፋይል አያለሁ።"

"ኧረ ጓድ፣ እኔ ከገበያ እቤቴ እስክደርስ እንኳ ሦስቴ ነው የማርፈው!"

"ትለምጂዋለሽ።"

ወይ ጉዴ! የመጀመሪያው ቀን ዳገቱ ላይ ልቤ በአፌ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ሲስተር ዞር ብላ አየችኝና፣ መማር የፈለግኩ መስሏት ደስ አላት። ተመልሳ ክንዴን ይዛ "ሱታ፣ ሱታ" አለችኝ፣ ቀስ በይ ማለቷ ነው። ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ ይሻል ነበር። ልሰልላት የመጣሁትን ሴት አተነፋፈስ ታስተምረኝ ጀመር። አፈርኩ፤ ግን ሮጥኩ።

የምንሮጠው በዲጋ መንገድ ሰባት ኪሎሜትር ርቆ እስካለው ኬላ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለ ይለፍ ወረቀት ማንም አይሻገርም፣ እሷም ብትሆን። የተወጠረውን ገመድ በጣቷ ነካ አድርጋ ትዞራለች። እኔም ነክቼ እዞራለሁ። ጠባቂው ቀነዓ "ኧረ ገመዱን ልትጨርሱት ነው!" እያለ ይስቅብናል።

በሦስተኛው ወር እየሮጥኩ ማውራት ቻልኩ። ያኔ ነው ያለፈ ታሪኳን የነገረችኝ።

"በወጣትነቴ በአገሬ ሴት ረጅም መንገድ አትሮጥም ነበር። ማህፀኗ ይጎዳል ይሉ ነበር።"

"እናቴ እኮ እኔን የወለደችኝ ከዲጋ እንጨት ተሸክማ በመጣችበት ቀን ነው" አልኳት። እስክትቆም ድረስ ሳቀች።

ፀጉሯን ተቆርጣ፣ የወንድ ካናቴራ ለብሳ ከወንዶች ጋር አርባ ሁለት ኪሎሜትር ሮጠች። ስልሳ ወንዶች ነበሩ፤ የቀደሟት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። የአገሯ ሴቶች ይህን ሰምተው የራሳቸውን ውድድር አዘጋጁ፤ ሁለት ዓመት ተለማመዱ። የስፖርቱ አለቆች ጠሯትና "ሩጫው አሳምሞኛል ብለሽ ፈርሚ፤ አለዚያ የነርስነት ሥራሽን እርሺው" አሏት። ፈረመች። በእሷ ፊርማ የሴቶቹ ውድድር ተሰረዘ።

"አንዳቸውም ዳግመኛ አላነጋገሩኝም" አለችኝ። "ከዚያ ወዲህ የምሮጠው ብቻዬን ነው።"

እኔ በየሳምንቱ ለጓድ ገቢሳ የማደርሰው አንድ ወሬ ነው፦ ገመዱን ነካች፣ ተመለሰች። በመጨረሻ ጠረጴዛውን ደበደበው። "ሰው ገመድ ለመንካት ሰባት ኪሎሜትር ይሮጣል? ታሞኚኛለሽ!" ብሎ የተጻፈ ወረቀት ገፋልኝ። ሲስተር ኬላው አጠገብ ከሽፍቶች መልእክተኛ ጋር ስትገናኝ አይቻለሁ ይላል። "ፈርሚ፣ ጨመዳ ሐሙስ ይወጣል። አልፈርምም ካልሽ ወደማታውቂው እስር ቤት ይዛወራል።" እስከ ነገ ጊዜ ሰጠኝ።

በማግስቱ እየሮጥን ሁሉንም ነገርኳት፤ ተልኬ እንደመጣሁም ጭምር። ገመዱ ዘንድ ስንደርስ እጇን እላዩ ላይ አሳርፋ ቆመች።

"ፈርሚ። እኔን ከአገር ያስወጡኛል እንጂ አይገድሉኝም። እሱ ግን ደም ይተፋል።"

"አንቺ ፈርመሽ ምን አተረፍሽ?" ብዬ አለቀስኩ።

"ምንም። ትፈርሚያለሽ፣ ከዚያ አይረሳሽም። ይህንን አውቀሽ ፈርሚ።"

ፈረምኩ። ለእሷ አርባ ስምንት ሰዓት ሰጧት። ስትሄድ የመሮጫ ጫማዋን የማጠቢያ ገንዳዬ ላይ ትታልኝ ሄደች። ስለሚሰፋኝ ጫፉ ላይ ጥጥ እጠቀጥቅበታለሁ።

ጨመዳ እንደተባለው ሐሙስ ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ "ገለቶሚ ዋቃዮ!" እያለ እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ቤታችን ሞላ። ጨመዳ አጥንት ብቻ የቀረውን እጁን ዘርግቶ ጸለየ፦ "ማናችንም ሳንፈርም ያወጣኸን አምላክ፣ ተመስገን።" ዳቦ በቆረሰ ቁጥር ያቺኑ ጸሎት ይጸልያል። ልነግረው አፌን እከፍታለሁ። ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ያ ፊቱ ደስ ብሎት ሲያበራ፣ እዘጋዋለሁ። ብነግረው ሮጦ ሄዶ ራሱን መልሶ ያስራል፤ አውቀዋለሁ።

አሁንም ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። "ከምን ልታመልጪ ነው?" እያለ ያሾፍብኛል። "ለጤናዬ ነው" እለዋለሁ። ኬላው ድረስ እሄዳለሁ፣ ገመዱን እነካለሁ፣ እመለሳለሁ። ቀነዓ መሳቁን ትቷል።

ዛሬም ቁርስ ቀርቦ ጸሎቱን አደረሰና አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝ።

"ድንቅነሽ፣ አሜን በይ እንጂ።"

"አሜን" አልኩ።