«ሁሉም» የሚባለው ቡድን

ፊርዶስ የቤተ መጻሕፍቱን ሰርቨር ከፈተና ክፍል ሰርቨሮች ቡድን አውጥታ ለብቻው ስትመድበው ስልኳ ጮኸ። የሬጅስትራሩ ሰርቨር ዲስኩ ሞልቷል ይላል መልእክቱ። ከወንበሯ ሳትነሣ ለጊዜው አስተካከለችው።

የምትሠራበት የመቀሌው ኮሌጅ ሰርቨሮቹን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ የሚያስተካክል ፕሮግራም በቅርቡ አስገብቷል። ፕሮግራሙ ግን የትኛው ሰርቨር ከየትኛው ጋር እንደሚመደብ ካልነገሩት ምንም አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ስትመድብ የከረመችው ለዚህ ነው፤ ሬጅስትራር፣ ሂሳብ ክፍል፣ ፈተና። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ሁሉም» የሚባል ቡድን አለ። እዚያ የተጻፈ ነገር ወደ እያንዳንዱ ሰርቨር ይገለበጣል። ብልሽት ሲኖር መልእክት የሚላክበት ስልክም እዚያ ነው የተጻፈው፤ የእሷ ስልክ።

እንደገና ጮኸ። አሁን እናቷ ናቸው፣ ከኮምቦልቻ።

«ፊርዶሴ፣ ዘንድሮም አረፋን ያላንቺ ልናሳልፍ ነው?»

«እመጣለሁ እማ። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እሳፈራለሁ።»

«አምናም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር፣ ልጄ።»

አምና ከመናኸሪያ ነው ለሥራ ጠርተው የመለሷት። እናቷ ተቆጥተዋት ቢሆን ይሻላት ነበር።

አለቃዋ ኣስፋሃ ደግ ሰው ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። በየስብሰባው «ያለ ፊርዶስ ይህ ቤት አይቆምም» እያሉ በምስጋና ጠፍረው ይዘዋታል። በበሯ በኩል ሲያልፉ አስቆመቻቸው።

«ኣያ ኣስፋሃ፣ ከነገ ጀምሮ ፈቃድ ላይ ነኝ። የብልሽቱ መልእክት ለማን ይድረስ?»

«ስልክሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ጓለይ፣ ልጄ። ኮምቦልቻም ኔትወርክ አለ አይደል? ኣጆኺ፣ ምንም አይፈጠርም።»

«አምናም ምንም አይፈጠርም ብለውኝ ነበር።»

«እንታይ ንግበር፣ ምን እናድርግ? ሌላ የሚያውቅ ማን አለ?»

«እርስዎ። ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

ቀልድ መስሏቸው ስቀው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ፊርዶስ በጣም ደክሟታል፤ ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም። «ሁሉም» የሚለውን ከፈተች። የራሷን ቁጥር አጥፍታ የኣስፋሃን ጻፈችና ትእዛዙን ሰጠች። ከዚያ አንድ የሙከራ መልእክት ላከች።

ከግድግዳው ወዲያ የኣስፋሃ ስልክ ጮኸ።

«ፊርዶስ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙከራ ነው፣ ኣያ ኣስፋሃ። ከዛሬ ጀምሮ መልእክቱ ለእርስዎ ነው የሚመጣው። ከበዓል ስመለስ በየተራ እንይዘዋለን።»

ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ላይ ስትደርስ የኣስፋሃ ስልክ እንደገና ጮኸ።

«የሬጅስትራሩ ዲስክ ሞልቷል ይላል» አሉ፤ ድምፃቸው ግራ የተጋባ ነበር።

ፊርዶስ አንድ እግሯን ወደ ውስጥ መለሰች። ከዚያ መልሳ አወጣችውና በሩን ከውጭ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።